በዴንቨር ጓሮ ዶሮ ማርባት፦ ፈቃዱ፣ ርቀቱ፣ አውራ ዶሮውና እርዱ

ሚሚ_ዴንቨር

ሰላም ለሁላችሁ። ለእንቁላል የሚሆኑ ጥቂት ዶሮዎች ጓሮ ማስገባት እንፈልጋለን። ቤቱ የራሳችን ነው፤ ምሥራቅ ኮልፋክስ ሰፈር፣ ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) የለበትም። ሎቱ (ቤቱ ያረፈበት መሬት በሙሉ) 50 በ125 ጫማ ነው። ከኋላ አሊ (በቤቶች ጀርባ የሚያልፍ ጠባብ መንገድ) አለ፣ ጋራዡም አሊው ላይ ነው። ከቤቱ ጀርባ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ፓቲዮ አለ፤ ከዚያ እስከ ጋራዡ ሣር ነው። በቀኝ በኩል ያለው ጎረቤት ጋራዡን ወደ መኖሪያ ለመቀየር እየተዘጋጀ ነው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ከከተማው ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው? ጎረቤት መፈረም አለበት? ስንት ዶሮ ይፈቀዳል፣ አውራስ? ባለቤቴ «ያለ አውራ እንቁላል የለም» ብሎ ድርቅ ብሏል። ለፋሲካ እዚያው ጓሮ ማረድ ይቻላል? እንቁላሉ ከተረፈስ ለወዳጅ ዘመድ መሸጥ?

ዞን_አንባቢ

እህቴ፣ ፈቃዱ ግዴታ ነው። የጎረቤት ፊርማ ግን አያስፈልግሽም። ዴንቨር እ.ኤ.አ. በ2011 ደንቡን ቀይሮ ዶሮ፣ ዳክዬና ድንክ ፍየልን «ምግብ ሰጪ እንስሳት» በሚል አንድ ምድብ ስር አስገብቷቸዋል። ከዚያ በፊት የነበረው ጎረቤት የማሳወቅ ጣጣና የዞን ልዩ ፈቃድ ቀርቷል። አሁን የሚያስፈልገው ከከተማው የእንስሳት ጥበቃ ክፍል የሚወጣው ፈቃድ ነው። ማመልከቻውና ክፍያው ከተማው ድረ ገጽ ላይ ስላለ፣ የድሮ ጽሑፍ ላይ ያየሽውን ዋጋ ትተሽ የዛሬውን ከዚያ ተመልከች።

ከሁሉ በፊት ግን ቤትሽ ዴንቨር ውስጥ መሆኑን አረጋግጪ። የምቀልድ አይምሰልሽ። በእናንተ ሰፈር ከዮሴሚቲ መንገድ ወዲያ ያለው አውሮራ ነው፤ አውሮራ የራሱ ደንብ፣ የራሱ የዶሮ ቁጥርና የራሱ ፈቃድ አለው። ወደ ደቡብ ስትወርጂ ደግሞ ፖስታው «ዴንቨር» እያለ የሚመጣላቸው፣ ነገር ግን የአራፓሆ ካውንቲ የሆኑ ሰፈሮች አሉ። ዚፕ ኮድ አያስተማምንም። ቀላሉ ማረጋገጫ የቤት ግብሩ ወረቀት ነው፦ ዴንቨር ከተማም ካውንቲም ስለሆነ ግብርሽን የሚሰበስበው ራሱ ነው። ወረቀቱ ከአራፓሆ ወይም ከአዳምስ ካውንቲ ከመጣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አይመለከትሽም።

ቁጥሩ፦ ዶሮና ዳክዬ ተደምረው እስከ 8፣ በተጨማሪ እስከ 2 ድንክ ፍየል። ይህ የሚቆጠረው በሎት ነው። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ሎት ላይ ቢኖር እያንዳንዱ 8 አያገኝም፤ 8ቱን ይካፈላሉ። አውራ ዶሮ ክልክል ነው።

ቦታው፦ ለእያንዳንዱ ዶሮ ቢያንስ 16 ካሬ ጫማ ውኃ የሚሰርግበት መሬት መኖር አለበት። ሲሚንቶ አይቆጠርም። ስለዚህ ፓቲዮሽን ከስሌቱ አውጪው። ለ8 ዶሮ 128 ካሬ ጫማ፣ ለ6 ደግሞ 96 ካሬ ጫማ ማለት ነው። ከዝናብ፣ ከብርድና ከአውሬ የሚከልል መጠለያም ግዴታ ነው።

ርቀቱ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መሟላት አለበት። አንደኛ፣ ዶሮዎቹ የሚቀመጡት በሎቱ የኋላ ግማሽ ነው፤ የሎትሽ ጥልቀት 125 ጫማ ስለሆነ ከፊት ወሰን 62 ጫማ ተኩል ካለፈ በኋላ ያለው ብቻ ይሆንሻል። ሁለተኛ፣ የዶሮው ቤት ከአጎራባች ሎት መኖሪያ ቤት ቢያንስ 15 ጫማ መራቅ አለበት። የሚለካው እስከ ጎረቤቱ መኖሪያ ግድግዳ ነው፣ እስከ አጥሩ አይደለም። የራስሽ ቤት በዚህ ልኬት ውስጥ አይገባም። የጎረቤት ባዶ ጋራዥም አይገባም፤ ጋራዡ መኖሪያ ሆኖ ሲቀየር ግን ይገባል። ከ2024 ውሳኔ በኋላ የጓሮ መኖሪያ በመላው ዴንቨር መሥራት ስለተፈቀደ፣ የዛሬው ጋራዥ ነገ ሰው የሚያድርበት ሊሆን እንደሚችል አስበሽ ነው የዶሮ ቤቱን መትከል ያለብሽ። የቀኙን ጎረቤት ጋራዥ ገና ከአሁኑ እንደ መኖሪያ ቁጠሪው።

እርድ ክልክል ነው። ደንቡ በግልጽ የሚለው እንስሳቱን በምታረቢበት ቦታ ማረድ አይቻልም ነው።

የአሊው_ልጅ

ፈቃድ ምን ያደርጋል? ስድስት ዶሮ ማን ያያል? አውራ ከሌለ ድምፅም የለም። ዝም ብለሽ አስገቢ።

ዞን_አንባቢ

ወንድሜ፣ ከተማው ቤት ለቤት እየዞረ አይፈትሽም፤ እስከዚህ ልክ ነህ። የሚመጣው አቤቱታ ሲደርሰው ነው። አቤቱታ የሚያስነሳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዶሮዋ ሳትሆን ሽታ፣ አይጥና ዝንብ ነው። ዶሮ እንቁላል ስትጥል የምታሰማው ጩኸትም ቢሆን ጠዋት ለተኛ ሰው ቀላል አይደለም። ሠራተኛው በር ሲያንኳኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፈቃዱን ነው። ፈቃድ ያለው ሰው «ይህን አስተካክል» ተብሎ ቀን ይሰጠዋል። የሌለው ንግግሩን የሚጀምረው ከጥፋት ነው። በዚህች ወረቀት ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

የተከራየ ሰው ደግሞ የባለቤቱን ስምምነት በጽሑፍ ይያዝ። ኤችኦኤ ያለበት ሰፈር የኤችኦኤውን ደንብ ያንብብ፤ ከተማው ቢፈቅድም ኤችኦኤው ሊከለክል ይችላል።

ሚሚ_ዴንቨር

እግዜር ይስጥልኝ። ግብሩን የምንከፍለው ለዴንቨር ነው። ለካሁት፦ የቤታችን የኋላ ግድግዳ ከፊት ወሰኑ 55 ጫማ ላይ ነው፣ ፓቲዮው 67 ላይ ያልቃል፣ ጋራዡ 100 ላይ ይጀምራል። የግራው ጎረቤት ቤትም ከኛ ጋር ትይዩ ነው የሚያልቀው። የት ላድርገው?

ዞን_አንባቢ

ከ67 እስከ 100 ያለው 33 ጫማ ሣር በሙሉ የኋላ ግማሽ ውስጥ ነው፤ መልካም ነው። ቀኙን ተዪው፤ ጋራዡ ሲቀየር ግድግዳው ከአጥራችሁ ጥቂት ጫማ ላይ ስለሚሆን 15ቱን ለማሟላት ወደ ሎትሽ መሐል መግባት አለብሽ። በግራ በኩል፣ ከአጥሩ 3 ጫማ ገባ ብለሽ፣ የዶሮ ቤቱን ከፊት ወሰን 75 ጫማ ላይ ጀምሪው። የግራው ጎረቤት ግድግዳ 55 ላይ ስለሚያልቅ 20 ጫማ ይተርፍሻል። 15ቱን በትክክል 15 አድርጎ መሥራት አልመክርም፤ የቤቱ ሰገነት ወይም የተጨመረ ክፍል ልኬቱን ሊያበላሽብሽ ይችላል። ጣሪያ ያለው መፈንጫም (ዶሮዎቹ ቀን የሚውሉበት የታጠረ ቦታ) ከሠራሽ ከዚያው ርቀት ውስጥ አስገቢው፤ «ይሄ ቤት ነው፣ ይሄ ሜዳ ነው» የሚል ክርክር ውስጥ አትገቢም። ከአጥሩ 3 ጫማ መተውሽ ደግሞ ለጽዳት መግቢያ ይሆንሻል። አጥር ላይ የተለጠፈ የዶሮ ቤት ከጀርባው የአይጥ መንደር ነው።

ንድፉን በእጅ ሥዕል አዘጋጂ፦ የሎቱ ወሰን፣ ቤትሽ፣ ጋራዡ፣ የሁለቱም ጎረቤት ቤቶች፣ የዶሮው ቤት፣ ርቀቱ በቁጥር። ቤት ስትገዙ ከወረቀቶቹ ጋር የተሰጣችሁ የቤቱን አቀማመጥ የሚያሳይ ሥዕል ይኖራል፤ እሱን ኮፒ አድርገሽ ላዩ ላይ መሳል ይበቃል። የወሰን ክርክር ካለ ግን ያ ወረቀት የቀያሽ ሥራ ስላልሆነ አይዳኝም።

አናጢው

6 ዶሮ ብለን እናስብ። ማደሪያው ለአንዲት 4 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 4 በ6 ጫማ። መፈንጫው 8 በ12 ሲሆን በትክክል 96 ካሬ ጫማ ይመጣል፤ የደንቡም 96 ነው። ማደሪያውን ከመሬት 2 ጫማ ከፍ አድርገሽ መፈንጫው ውስጥ ብትተክዪው ከስሩ ያለው መሬት ለበጋ ጥላ፣ ለክረምት ከበረዶ መሸሸጊያ ይሆናል።

ሽቦው ላይ አትቆጥቢ። ባለ ስድስት ጎኑ ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ይይዛል እንጂ ራኩን እንዳይገባ አይከለክልም፤ በእጁ ይቀደዋል። የሚያስፈልገው ቀዳዳው ግማሽ ኢንች የሆነ በብየዳ የተያያዘ ወንፊት ሽቦ ነው፣ ውፍረቱ 19 ጌጅ። በስቴፕል ብቻ አትምቺው፤ በቡሎንና በሰፊ ዋሸር አጣብቂው። ግርጌው ላይ ሽቦውን ወደ ውጭ 18 ኢንች በመሬት ላይ ዘርግተሽ በሚስማር ቸንክሪው፣ ከዚያ ሣር ይብቀልበት። ቀበሮ የሚቆፍረው ግድግዳው ስር ስለሆነ እግሩ ሽቦው ላይ ቆሞ ይቸገራል፤ ራቅ ብሎ መጀመር አያስብም። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከመቅበርም ጉልበት ይቆጥባል።

መዝጊያው ሁለት እንቅስቃሴ የሚጠይቅ ይሁን፦ ስቦ ማንሳት፣ ወይም መቀርቀሪያው ላይ የካራቢነር ማያያዣ መጨመር። ተራውን መንጠቆ ራኩን ይከፍተዋል። አገር ቤት ሸለመጥማጥ የሚሠራውን እዚህ የሚሠራው እሱ ነው፣ እጁ ግን የሰው እጅ ነው። ቀን ደግሞ ጭልፊት አለ፤ ስለዚህ መፈንጫው ከላይም መሸፈን አለበት። መረብ ብቻ ብታደርጊ የመጋቢት እርጥብ በረዶ ይጥለዋል። ቢያንስ ግማሹን በቆርቆሮ ወይም በወፍራም ፖሊካርቦኔት ሸፍኚ። የዴንቨር የግንቦትና የሰኔ የበረዶ ድንጋይ ቀጭን ፕላስቲክ ጣሪያን ወንፊት ያደርገዋል።

ቆጡ ባለ 2 በ4 እንጨት ይሁን፣ ሰፊው ጎን ወደ ላይ ተደርጎ። ዶሮ ስትተኛ እግሯን በደረቷ ላባ ሸፍና ስለምትቀመጥ በሰፊው ላይ ጣቷ ከብርድ ይተርፋል። ለአንዲት ከ10 እስከ 12 ኢንች ስጫት። ቆጡ ከእንቁላል መጣያው ሳጥን ከፍ ማለት አለበት። ዶሮ ማደር የምትፈልገው ከሁሉ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነው፤ ሳጥኑ ከበለጠ እዚያው አድራ፣ እዚያው ኩሷን ጥላ፣ ጠዋት የምትለቅሚው እንቁላል ኩስ የተቀባ ይሆናል። ሳጥኑ 12 ኢንች በሁሉም ጎን፣ ለ6 ዶሮ ሁለት ይበቃል። ሦስት ብትሠሪም ሁሉም አንዱ ላይ ነው የሚሰለፉት።

ብርድን ፈርቶ ቤቱን ማፈን ትልቁ ስሕተት ነው። ዶሮን የሚጎዳት እርጥበት ነው። ሌሊት የሚተነፍሱትና ከኩሱ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ካጣ ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ላይ አርፎ ይቀዘቅዝና ጫፉ ይጠቁራል። ከጣሪያው ስር፣ ቆጡ ላይ ከተቀመጡት ዶሮዎች ራስ በላይ፣ በሁለት ጎን ክፍት ተዪ፤ በዶሮ 1 ካሬ ጫማ ያህል፣ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ። ነፋሱ በራሳቸው ላይ ይለፍ እንጂ በላባቸው መሐል አይለፍ።

የማሞቂያ አምፖል አታስገቢ። ሰጋቱራ፣ አቧራና የሚወዛወዝ አምፖል አንድ ላይ ሲሆኑ በየክረምቱ የሚቃጠለው የዶሮ ቤት ብቻ አይደለም፣ አጠገቡ ያለው ጋራዥም ነው። ክረምት ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ለውኃው ብቻ ነው፤ ከስሩ የሚቀመጥ የሚሞቅ ሰሌዳ ይሸጣል። ከቤት ወይም ከጋራዡ ቋሚ መስመር መዘርጋት ከፈለግሽ ለዚያ የኤሌክትሪክ ፈቃድ ለብቻው ይወጣል።

ቄብ_በቄብ

ባለቤትሽን አሳርፊው፦ አውራ የሚያስፈልገው ለጫጩት ነው። ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች፤ እንቁላሉ አይፈለፈልም እንጂ ለወጥ ምንም አይጎድለውም።

ችግሩ አውራ ሳይፈልጉት መምጣቱ ነው። ጫጩት ስትገዢ «ሴት» ተብሎ የሚሸጠው በመፈልፈያው በእጅ የተለየ ነው፤ ከአሥሩ አንዱ ወንድ ሊወጣ ይችላል። «ያልተለየ» የሚለው ጽሑፍ ካለ ግማሹ ወንድ ነው ብለሽ ቁጠሪ። ለከተማ ሰው የሚያዋጣው ገና ሲፈለፈል በላባው ቀለም ጾታው የሚለየው የተዳቀለ ዝርያ ነው። ቀዩ ሴክስሊንክ ሴቷ ቀላ ያለች፣ ወንዱ ነጣ ያለ ነው፤ ሱቅ ቆመሽ ራስሽ ትለያለሽ። ወይም ከ16 እስከ 18 ሳምንት የሞላት ቄብ ግዢ፤ ዋጋዋ ይወደዳል፣ ግን ጾታዋ አያከራክርም፣ የጫጩት ማሞቂያም አያስፈልግሽም። አንዳንድ የመኖ ሱቆች በፀደይ ከ6 ጫጩት በታች አይሸጡም፤ የምትፈልጊው 4 ከሆነ ከሌላ ሰው ጋር ተካፈዪ።

ወንድ ከወጣ አራት ወይም አምስት ወር ላይ መጮህ ይጀምራል። የአንገት ማሰሪያ ምናምን እያልሽ አትድከሚ፤ ደንቡ የሚከለክለው አውራውን ራሱን ነው። ከከተማ ውጭ የሚወስደው ሰው ገና ሳይጮህ ፈልጊ።

አሁን ዋናው ነገር። 8 ይፈቀዳል ተብሎ 8 አብሮ አይገዛም። ቀይዋ ዶሮ በመጀመሪያው ዓመት 280 ያህል እንቁላል ልትጥል ትችላለች፣ ከዚያ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ዕድሜዋ ግን ስድስት፣ ሰባት ዓመት ይሄዳል። ጓሮ ማረድ አይቻልም፣ ቁጥሩም 8 ላይ ቆሟል። ስለዚህ 8 አብረሽ ካስገባሽ ከሦስት ዓመት በኋላ 8 ጡረተኛ እየቀለብሽ አዲስ የምታስገቢበት ቦታ የለሽም። 4 አስገቢ፣ በሦስተኛው ዓመት 2 ወይም 3 ጨምሪ፣ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቦታ ክፍት ይኑርሽ። ቤቱን ግን ከመጀመሪያው ለ8 ሥሪው። አዲሶቹን ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አትቀላቅዪ፦ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለብቻ አቆይተሽ ጤናቸውን እዪ፣ ከዚያ በሽቦ መሐል እየተያዩ ይልመዱ። አንዷን ብቻ ከጨመርሽ ሁሉም እሷ ላይ ይዘምታሉ፤ ሁለት ሁለት አድርጊ።

ዴንቨር ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ ዶሮ በደንብ ለመጣል 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች። ስለዚህ ክረምት እንቁላል ቢጠፋ ታማለች ማለት አይደለም። ብርሃኑ ሲረዝም፣ የካቲትና መጋቢት ላይ፣ እንደገና ይጎርፋል። ያ ደግሞ ልክ ሁዳዴ ሲገባ ነው! ለጾመኛ ቤት የዓመቱ ከፍተኛ ምርት የሚመጣው ማንም እንቁላል በማይበላበት ወቅት መሆኑን ከአሁኑ ዕወቂው። ያልታጠበ ንጹሕ እንቁላል ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ደግሞ የዛሬ እንቁላል አይመረጥም፤ ትኩሱ ሲቀቀል ከልጣጩ አይላቀቅም፣ ሁለት ሳምንት የቆየው ግን ሳይቦጫጨቅ ይላጣል።

ኑር_አውሮራ

እርዱን በተመለከተ፣ «ጋራዥ ውስጥ ብናርድስ፣ ማንም አያይም» የሚሉ አሉ። ደንቡ ስለ መታየት አይደለም የሚያወራው። በዚያ ሎት ላይ የምታረቢውን እንስሳ እዚያው ማረድ ነው የተከለከለው፤ ጋራዡም የሎቱ ነው። ደምና ላባ በቆሻሻ በርሜል ውስጥ አሊ ላይ ሲያድር ደግሞ በማግሥቱ ራኩኑም ጎረቤቱም ያውቁታል።

የሚሠራው መንገድ ዶሮዋን በሕይወት ከከተማው ወሰን ውጭ፣ እርድ ወደሚፈቀድበት እርሻ ወይም አርደው ወደሚያዘጋጁ ቦታ መውሰድ ነው። ከመሄድሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የደንበኛ ዶሮ ያርዳሉ ወይስ የራሳቸውን ብቻ? እኛ ራሳችን በሃይማኖታችን ሥርዓት እንድናርድ ይፈቅዳሉ? ከነቆዳዋ ሙሉዋን ይሰጣሉ? ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በለመዱት መንገድ በማሽን ቆራርጠው ይሰጡሻል፤ ከዚያ 12 ብልት ማውጣት የለም። ለበዓል ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቀድመሽ ቀጠሮ ያዢ። አደራ፣ ሦስት ዓመት የጣለች ዶሮ ሥጋዋ ጠንካራ ነው፤ ወጡ ላይ የምትቆይበትን ሰዓት እጥፍ አድርጊው።

እንቁላል መሸጥ ይቻላል። በኮሎራዶ ሕግ በወር ከ250 ደርዘን የማይበልጥ እንቁላል በቀጥታ ለተመጋቢው የሚሸጥ ሰው የእንቁላል ነጋዴ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ከ6 ዶሮ በሳምንት ሁለት ሦስት ደርዘን ቢገኝ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ አያሳስብሽም። ማሸጊያው ላይ ግን ስምና አድራሻ፣ የታሸገበት ቀን፣ እንዲሁም «ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ አስኳሉ እስኪጠነክር ይብሰል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ይጻፍ። የሱቅ ካርቶን መልሰሽ ከተጠቀምሽ የድርጅቱን ስምና ማኅተም በሙሉ አጥፊው፤ እንዳለ መስጠት አይቻልም። ከቤትሽ በር ላይ በቋሚነት ለመሸጥ ካሰብሽ ዴንቨር ለዚያ የዞን ፈቃድ ይጠይቃል። ለዘመድ በስጦታ መስጠት ግን ስጦታ ነው።

ሲያትል_ደቡብ

ሌላ ከተማ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ የዴንቨርን ደንብ ወስዳችሁ እንዳትሠሩበት። ሲያትል ላይ ለምሳሌ ቁጥሩ እዚያም 8 ነው፣ አውራም ክልክል ነው፤ ርቀቱ ግን ከሌላ ሎት መኖሪያ 10 ጫማ ነው። የፖስታው ተንኮል እኛም ጋ አለ፦ ስካይዌይ ያለ ሰው አድራሻው «ሲያትል» ይላል፣ ደንቡ ግን የኪንግ ካውንቲ ነው።

አረንጓዴ_እጅ

መሬቱን ሳትመረምሪ ዶሮ አታስገቢ። ዶሮ ቀኑን ሙሉ አፈር ትጭራለች፣ ትውጣለችም፤ አፈሩ ውስጥ እርሳስ ካለ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። በዴንቨር ግሎብቪል፣ ኤሊሪያና ስዋንሲ አካባቢ ከድሮ የማዕድን ማቅለጫዎች የተነሳ የመኖሪያ ግቢ አፈር በእርሳስና በአርሴኒክ ተበክሎ በፌዴራል መንግሥት የጸዳ ነው። ከዚያ ሰፈር ውጭም ቢሆን ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የግድግዳው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ የተላጠውም ቀለም የሚወርደው ግድግዳው ስር ነው። ከመፈንጫው አምስት ስድስት ቦታ ላይ ላዩን አፈር ወስደሽ ቀላቅለሽ ለኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአፈር ላብራቶሪ ላኪ፤ የእርሳስ ምርመራ መሆኑን በግልጽ ጻፊ፣ ተራው የማዳበሪያ ምርመራ እርሳስን አያሳይም። ሕፃናት ያሉበት ቤት ይህን አይዝለል።

መኖ፦ ለአንዲት በቀን ሩብ ፓውንድ። 6 ዶሮ ባለ 50 ፓውንዱን ከረጢት በወር ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይጨርሳሉ። መጣል ከጀመሩ በኋላ 16 በመቶ ፕሮቲን ያለውን የጣይ መኖ፣ በሌላ ዕቃ ደግሞ የተፈጨ የባሕር ዛጎል። ዛጎሉን ከመኖው ጋር አትቀላቅዪ፤ የምትፈልገው ራሷ ትወስዳለች። ለጫጩት የጣይ መኖ አይሰጥም፣ ካልሲየሙ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

የተረፈ እንጀራ ጥቂት ይሁን። ከዕለት ምግባቸው አንድ አሥረኛውን ካለፈ ፕሮቲኑ ይሳሳና እንቁላሉ ይቋረጣል፣ ዶሮዋም ትወፍራለች። የሻገተ እንጀራ፣ ጨው የበዛበት ወጥ፣ ጥሬ ቦሎቄ፣ የአቮካዶ ልጣጭ በጭራሽ። በርበሬ ለዶሮ አይፋጅም፣ ለአይጥ ግን ይፋጃል፤ ያም ሆኖ በበርበሬ ተማምኖ መኖ ሜዳ ላይ የሚያሳድር ሰው አይጥ እያረባ ነው። ከረጢቱን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የብረት በርሜል ውስጥ ገልብጪ፤ ፕላስቲኩን አይጥ በሁለት ሌሊት ይበሳዋል። ማታ የመኖ ዕቃውን አንሺ፣ ወይም ዶሮዋ ስትረግጠው ብቻ የሚከፈተውን ዓይነት ግዢ።

ኩሱን በየቀኑ ከቆጡ ስር ብትጠርጊ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ የሽታ አቤቱታም አይመጣም። ፍጉን ትኩሱን ጎመን ላይ እንዳታፈሺው፤ ያቃጥለዋል፣ ሳልሞኔላም አለበት። በደንብ ካልበሰበሰ፣ አፈር የሚነካ አትክልት ከመቆረጡ 120 ቀን በፊት መሬት ውስጥ መግባት አለበት፤ እንደ ቲማቲም ከፍ ብሎ ለሚያፈራ 90 ቀን። ስለዚህ መኸር ላይ ቆፍረሽ ቅበሪው፣ በፀደይ ትዘሪያለሽ።

የወፍ ጉንፋኑንም አትርሺ፤ በ2024 ክረምቱ ሳይገባ፣ ሐምሌ ላይ፣ በዌልድ ካውንቲ የዶሮ እርሻ ሠራተኞች ጭምር ተይዘውበታል። በሽታውን የሚያመጡት በዋናነት የዱር ዳክዬና ዝይ ናቸው፤ የዴንቨር ፓርኮች ደግሞ በዝይ ኩስ የተሞሉ ናቸው። ፓርክ የሄድሽበትን ጫማ ይዘሽ ዶሮ ቤት አትግቢ፤ በሩ ላይ የዚያው ብቻ የሆነ ቦቲ አስቀምጪ። ውኃውና መኖው ጣሪያ ስር ይሁን፣ የዱር ወፍ እንዳይጋራው። ብዙ ዶሮ በአንድ ቀን ድንገት ቢሞትብሽ ሳትቀብሪ፣ ሳትጥይም፣ ለክፍለ ግዛቱ የእንስሳት ሐኪም ቢሮ ደውዪ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጫጩት እንዳይዙ፤ ትልልቆቹም ከነኩ በኋላ በሳሙና ይታጠቡ።

ሚሚ_ዴንቨር

በጣም ነው የማመሰግናችሁ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ማመልከቻው ላይ ስንት ዶሮ ብዬ ልጻፍ፣ የምጀምረውን 4 ወይስ 8?

ዞን_አንባቢ

ለ8 የሚበቃ 128 ካሬ ጫማ ሣር ስላለሽ ንድፉን በ8 ሥሪ፤ አሁን የምታስገቢው 4 መሆኑንም አብረሽ ጥቀሺ። ከጻፍሽው በታች ብትይዢ ችግር የለውም፣ በላይ ሲሆን ነው ጥያቄ የሚመጣው። የመፈንጫውን ስፋት በንድፉ ላይ በካሬ ጫማ ጻፊ፤ ሲሚንቶውን በሌላ ቀለም ለይተሽ አሳዪ። የፈቃዱን ኮፒ በፕላስቲክ አድርገሽ የመኖ በርሜሉ ክዳን ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥፊው፤ ሠራተኛ ሲመጣ እቤት ያለው ሰው ማንም ቢሆን ወዲያው ያሳየዋል።